ወንድሜ ለምን ጽፎ አይመልስም ነበር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ጂዳ ነው። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ከሄደ ብዙ ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጽፎ መልእክት ልኮልን አያውቅም። ሁሌም በድምፅ ነው። ለዒድ በድምፅ። ገንዘብ ሲልክም የመቀበያውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ የቀረውን በድምፅ። እኛ ለምንጽፍለት ግን ቶሎ አይመልስም። አንዳንዴ ጭራሽ አይመልስም። እናቴ «ልጄ ሰው አገር ሲለምድ እኛን ናቀን» እያለች ታዝን ነበር።

አባታችን ሩሑ የወጣችው ከሱብሒ በፊት ነው። አላህ ይዘንለት። ያን ጠዋት ለወንድሜ ደውሎ የመንገር አቅም ከመካከላችን ያገኘ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ በዋትሳፕ ጻፈለት። አባባ ማረፉን፣ ጀናዛው ከዙህር በኋላ እንደሚሰገድበት፣ ከቻለ እንዲደውል። መልእክቱ ስር ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አይቶታል ማለት ነው። ግን አልደወለም። ጠበቅን፤ ሰገድን፤ ቀበርን።

የደወለው ከዒሻ በኋላ ነው። ድምፁ በልቅሶ ተዘግቷል። «እንዴት ሳትነግሩኝ ቀበራችሁት?» አለ። አጎቴ ስልኩን ተቀብሎ ተቆጣው፤ «ጠዋት ጽፈንልሃል! አይተኸዋል! ለአባትህ ጊዜ አጣህ?» አለው። ወንድሜ ዝም አለ። አንድ ቃል እንኳን አላስተባበለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በእሱ እንደተቀየመ ኖረ።

እውነቱን ያወቅነው በኋላ ነው። እዚያ እስክደርስ ግን ስለራሴ ጥቂት ልንገራችሁ።

ያደግሁት ደሴ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ሆነን ነው የተማርነው። «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በዜማ በማውረድ የሚቀድመኝ አልነበረም። ከሀ እስከ ፐ ትንፋሽ ሳልሰበስብ እወርደዋለሁ። ቲቸር በእንጨት አንዷን ፊደል ነክታ «ይህቺ ማናት?» ስትለኝ ግን እጠፋለሁ። ከላይ ጀምሬ በሆዴ እየዘመርኩ እዚያ ፊደል ላይ እስክደርስ ሌላ ልጅ መልሶት ያልፋል።

በእኛ ጊዜ እስከ 3ኛ ክፍል የሚወድቅ የለም፤ ሁሉም ያልፋል። እኔም አለፍኩ። 4ኛ ክፍል ስደርስ ግን ማንበብ የግድ ሆነ። አንድ ዘዴ አገኘሁ። ጎረቤታችን የሆነች የክፍል ጓደኛዬ የነገውን ምንባብ ማታ ማታ ጮክ ብላ ስታነብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ሁለት ጊዜ ከሰማሁት በቃሌ ይያዛል። በማግስቱ ስጠራ መጽሐፉን ዘርግቼ እወርደዋለሁ። «ጎበዝ!» እባላለሁ።

ይህ ዘዴ አንድ ወሰን ሙሉ ሠራ። አንድ ቀን መምህሩ እየተዘዋወረ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። እኔ አንዲት ቃል ሳልስት ምንባቡን እወርዳለሁ፤ የተዘረጋው ገጽ ግን የሌላ ምንባብ ነው። መጽሐፉን አንስቶ ለክፍሉ አሳየ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ለካ ስታታልለን ነው የኖረችው!» አለ። መዳፌን በጎማ አምስት ጊዜ ገረፈኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ቴፕ» ሆነ። እስከ 8ኛ ክፍል በዚህ ስም ተጠርቻለሁ።

መምህሩን ዛሬ አልወቅሰውም። ግን አስቡት። አንዲት ልጅ ሙሉ ምንባብ ሁለት ጊዜ ሰምታ በቃሏ ስትይዝ አይቶ የታየው ማታለሏ ብቻ ነው። «ይህን ሁሉ የሚይዝ ጭንቅላት ለምን ማንበብ አቃተው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ቤት ውስጥም ነገሩ ቀላል አልነበረም። አያቴ «ዓይን ነው፤ ልጅቷን ሰው አይቷት ነው» አለች። ሩቅያ ተደረገልኝ። እናቴ አንዳንዴ ታባብለኛለች፣ አንዳንዴ ተስፋ ስትቆርጥ «እንደ ወንድምሽ ልትሆኚ ነው» ትለኛለች። ያ ወንድሜ 5ኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ ያቋረጠው ነው። «ደደብ» የሚለውን ቃል በሰፈር፣ በቤት፣ በትምህርት ቤት ሲሰማ አድጎ፣ ጺሙ ሳይወጣ ስደት የገባው።

አባቴ ብቻ ምንም አይልም ነበር። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደነበር እናውቃለን፤ ሰነድ ላይ ሲፈርም ግን ሁልጊዜ የአውራ ጣቱን ነው የሚያትመው። የሰው ልክ ግን ጽፎ አያውቅም። የአርባ ደንበኛ ልክ በጭንቅላቱ ነው የሚይዘው።

አሁን ስለ መድረሳችን ላውራ።

ከዐስር በኋላ መድረሳ እንሄዳለን። መጀመሪያ እዚያም ያው ነበር። የዐረብኛ ሐርፎች ለእኔ ከአማርኛው የባሱ ናቸው። ባ ከታች አንድ ነጥብ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት። ጂም፣ ሓና ኻም በነጥብ ብቻ ነው የሚለያዩት። እኔ ሳያቸው ነጥቦቹ ከየትኛው ሐርፍ እንደሆኑ ይምታቱብኛል። ኡስታዙ በሌለበት የሚያስቀራን ልጅ ጆሮዬን እየጠመዘዘ ቃዒዳው ላይ ሁለት ዓመት አቆመኝ። ታናናሾቼ አልፈውኝ ሄዱ።

ከዚያ አዲስ ኡስታዝ መጣልን። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ሱረቱል ሙጦፊፊንን እያነበበች ተሳሳተች። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳላስበው ትክክለኛውን አልኩት። ኡስታዙ ቀና አሉ።

«ማን ነው?»

ፈርቼ ዝም አልኩ። ልጆቹ ጠቆሙኝ።

«አንቺ ገና ቃዒዳ ላይ አይደለሽም እንዴ? ይህን ከየት አወቅሽው?»

«እነሱ ሲቀሩ ሰምቼ ነው።»

አስቀጠሉኝ። እስከ ሱራው መጨረሻ ወረድኩት። ዱላ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን «ማሻ አላህ» አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እቀራለሁ፣ አንቺ ታዳምጫለሽ፣ ከዚያ ትመልሺልኛለሽ» አሉኝ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ከሱረቱ ናስ እስከ ሱረቱ ነበእ፣ የጁዝእ ዐማን 37 ሱራዎች ሐፈዝኩ። አልሐምዱሊላህ።

ማንበቡንም አልተውልኝም። ሉሁ ላይ አንድ ሐርፍ ብቻ በትልቁ ይጽፉና ድምፁን እያልኩ በጣቴ ደጋግሜ እንድከተለው ያደርጋሉ። ነጥቦቹን በቀይ ቀለም ነው የሚጽፉልኝ። በቀን ሦስት ሐርፍ፣ ከዚያ አይበልጥም። በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቀን እየተንተባተብኩ አልቅሼ ሳቆም ያሉኝን አልረሳውም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ነገሩኝ። ቁርኣንን አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ደረጃው ከተከበሩት መላእክት ጋር ነው፤ እየከበደውና እየተንተባተበ የሚያነብ ደግሞ ሁለት አጅር አለው። «ስለዚህ አንቺ አትሸማቀቂ፤ የአንቺ ሁለት ነው» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ስለከበደኝ ያልተሳቀብኝ ያን ቀን ነበር።

ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም። 9ኛና 10ኛ ክፍል «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት ስለነበር የቡድናችን መሪ የሆነችው ልጅ ባዮሎጂና ታሪክ ታነብልኝ ነበር። አንዴ ካነበበችልኝ መልሼ የማስረዳት እኔ ነኝ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግን የሚያነብልኝ የለም። ጥያቄውን አንብቤ ምርጫዎቹ ላይ ስደርስ ጥያቄው ይጠፋብኛል። «ሰዓት አልቋል» ሲባል ገና ከግማሹ ብዙም አላለፍኩም ነበር፤ የቀረውን በግምት አጠቆርኩ። በዚያው ዕለት አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ በሌላ ክፍል አንባቢ ተመድቦለት ሲፈተን አይቻለሁ። ደስ አለኝ። በእሱ አልቀናሁም። ግን «እኔንስ ማን ያነብልኛል?» ብዬ መጠየቅ እንደሚቻል እንኳን አላውቅም ነበር። መሰናዶ አልገባሁም።

ሙያ ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ሰፈራችን ባለ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቅዳሜ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ መጥተው ሥልጠና ሰጡን። ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉ። «ዲስሌክሲያ»። ከዚያ ምልክቶቹን በቃል ዘረዘሩ። ሲነገረው የሚገባው፣ ሲያነብ የሚጠፋበት ልጅ። ፊደል በዜማ የሚያወርድ፣ ነጥሎ ሲጠየቅ የማያውቅ ልጅ። የሚመሳሰሉ ፊደላትን የሚያምታታ። ጮክ ብለህ አንብብ ሲባል ሆዱን የሚያመው። ሰነፍ የሚባል፣ ግን ከሌሎቹ እጥፍ የሚደክም። እኔ ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰውየዋ ያላዩኝን ልጅነቴን ነበር የሚያወሩት።

በኋላ ለብቻዬ አነጋገሩኝ፤ አስነበቡኝ፣ አስጻፉኝ፣ ብዙ ጠየቁኝ። የነገሩኝን እናንተም እንድታውቁት ባጭሩ ላስቀምጠው።

ዲስሌክሲያ የዓይን ችግር አይደለም፤ የማሰብ ችሎታ ማነስም አይደለም። አእምሮ የሚሰማውን ድምፅ ከሚያየው ፊደል ጋር የሚያገናኝበት መንገድ የተለየ ሲሆን የሚመጣ ነው። ከሰውየው ጋር የሚወለድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በዘር ይተላለፋል። በዱላ አይወጣም፤ «ጠንክረሽ አጥኚ» በማለትም አይጠፋም። ነገር ግን ፊደልና ድምፅን በዝግታ፣ በቅደም ተከተል፣ በጆሮም በዓይንም በእጅም እያስነኩ ቢያስተምሩ ልጁ ያነባል። ኡስታዜ ሥልጠና ሳይወስዱ በሉህና በቀይ ቀለም ያደረጉልኝ ይህንኑ ነበር።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 መልክ ሲመጡ 231 ይሆናሉ። በዚያ ላይ ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል»፣ «ዋና» ውሃ ላይ የሚዋኘው ይሁን ዋነኛው፣ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰን ስናነብ ነው። ቃል በቃል የሚጎተት ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ስለዚህ እንደገና ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚባለው።

ከዚህ ውጪም አእምሯቸው በተለየ መንገድ የሚሠራ ልጆች አሉ። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ትኩረቱን ይዞ መቆየትና ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፤ እኛ «ቀበጥ»፣ «ባለጌ» እንለዋለን። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ይለያል፤ ድምፅና ግርግር ሊረብሸው ይችላል፤ እኛ «ጂን ነክቶታል» እንላለን። ስሙን ስለማናውቅ ሁሉንም በስድብ እንጠራዋለን።

ያን ቀን ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት።

ስልጠናው ላይ የሰማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ስለ እሱ አላነሳሁም፤ ስለ እኔ ብቻ ነው የነገርኩት። ፊደሎቹ እንዴት እንደሚምታቱብኝ፣ ለምን በቃሌ እይዝ እንደነበር፣ ስም እንዳለው፣ ደደብ እንዳልሆንኩ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስም ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ወንድምዬ፣ አለህ?» አልኩት።

«አለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እኔም እኮ እንደዚያ ነኝ» አለኝ።

ያን ሌሊት ብዙ አወራን። የአባታችን ሞት የተጻፈበትን መልእክት ከፍቶት ነበር። ረጅም ስለሆነ እንደ ሌላው ጊዜ አብሮት የሚኖረው ልጅ ማታ ከሥራ ሲመለስ ያነብልኛል ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቀኑን ሙሉ የአባቱን መርዶ ኪሱ ይዞ ሲሠራ ዋለ። አጎቴ ሲቆጣው «ማንበብ አልችልም» ከማለት «አባቱን የናቀ» መባልን መረጠ። ከዚያ ወዲህ አሠሪው ሾፌር ሊያደርገው ፈልጎ፣ ለመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና አለ ሲባል «መንዳት አልወድም» ብሎ እንደተወውም ነገረኝ። ይህ ሰው ዐረብኛን በጆሮው ብቻ ተምሮ የአገሬው ሰው እስኪጠራጠረው ድረስ ነው የሚናገረው።

«ያኔ ልጅ ሆኜ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ባሕር እሻገር ነበር?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ስደት የገባ ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ችግሩም፣ ሥራ ማጣቱም ነበር። እሱ ግን ትምህርት ቤቱን ጠልቶ ነው የወጣው።

ለእናቴና ለአጎቴ የነገርኳቸው እሱ ከፈቀደልኝ በኋላ ነው። አጎቴ ስልክ ደውሎ ይቅርታ ሲጠይቀው እናቴ አጠገቡ ሆና ትሰማ ነበር።

አሁን ደግሞ የእህቴ ልጅ አለች። 3ኛ ክፍል ነች። ባለፈው ዓመት ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ስትጀምር ገባኝ። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ከእህቴ ጋር ትምህርት ቤት ሄድን። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም። «እህቴ፣ 62 ልጅ ነው የያዝኩት። ለአንድ ልጅ ምን እንዳደርግ ነው የምትይኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ሳታስጠነቅቃት ቆማ እንድታነብ እንዳታዝዛት። ከፊት ወንበር እንድታስቀምጣት። ፈተና ላይ ጥያቄውን አንድ ጊዜ ጮክ ብላ እንድታነብላትና ጥቂት ደቂቃ እንድትጨምርላት።

መምህርቷ አሰበችና «ይህማ ምን ይከብዳል? ጥያቄውን ለሁሉም ጮክ ብዬ ላነበው እችላለሁ» አለች። ማንበብ ስትጀምር ሌሎች አምስት ስድስት ልጆችም ውጤታቸው እንደተሻሻለ በኋላ የነገረችኝ እሷው ነች። የእህቴ ልጅ ዛሬም በዝግታ ነው የምታነበው። ሆዷን ግን አያማትም።

የሚያስጨንቀኝ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ነው። ርእሰ መምህሩን ስጠይቃቸው «እኔ በራሴ ጊዜ መጨመር አልችልም፤ ከላይ የተጻፈ መመሪያ ያስፈልገኛል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ እኔና ሌሎች ስድስት እናቶች ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ አስገብተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ካልመጣ እንደገና እናስገባለን። የምንለምነው ምጽዋት አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ አካቶ ትምህርት ነው፤ ለተማሪው የሚያስፈልገው ማመቻቸት እንዲደረግለት ይላል። ትምህርት ሚኒስቴርም የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አለው። ወረቀቱ አለ፤ የቀረው ወረቀቱ 62 ልጅ ያለበት ክፍል ድረስ እንዲወርድ መጠየቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ጠያቂ ያስፈልጋል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስን አስታውሱ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከተቸገሩ በኋላ፣ ስለ ኦቲዝም የሚያውቅ ሰው እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። የተጀመረው በአንዲት እናት ነው።

በዲናችንም ቢሆን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በአንድ ዓይነ ስውር ሰሐባ፣ በዐብዱላህ ኢብን ኡሚ መክቱም ምክንያት ነው። ሊማር የመጣን ሰው ፊት መንሳት እንደማይገባ እስከ ቂያማ የሚቀራ ትምህርት ሆነ። ያ ሰሐባ የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ሆኗል፤ እሳቸው ሲወጡም መዲና ላይ ተክተውት የሄዱበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው፦

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሲነገረው እየገባው ማንበብ ካቃተው፣ ከመምታታችሁ በፊት ጠይቁ። ሩቅያ አታድርጉ አልልም፤ ቁርኣን ሺፋእ ነው። ግን ሩቅያ አድርጋችሁ አትቁሙ፤ መምህሩንም፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያም አማክሩ። ከወንድሙና ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

ኡስታዞቻችን! መድረሳ ውስጥ ማዳመጥና መመለስ የቆየ መንገዳችን ነው። ቁርኣኑ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከልብ ወደ ልብ ነው የደረሰን። ቃዒዳ ላይ የቆመ ልጅ ካለ በጆሮው ሞክሩት።

መምህራን! ጥያቄውን አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንብቦ ያልመለሰውን ልጅ በቃል ጠይቁት። ለሁሉም ይጠቅማል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

ወጣቶች! የክፍል ጓደኛችሁ እየተንተባተበ ሲያነብ የመጀመሪያው ሳቅ ከእናንተ አይውጣ። «ቴፕ» የሚለውን ስም ያወጣችልኝ ልጅ ዛሬ ጥሩ ጓደኛዬ ነች፤ ይህን ጽሑፍም እኔ በድምፅ እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ነች። ስለዚያ ስም ስትጽፍ ግን ቆም ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ።

አሁን ቤታችን ውስጥ ለወንድሜ ማንም አይጽፍም። እናቴ ድምፅ መቅዳት ተምራለች፤ አንዳንዴ ረስታው ዱዓዋን፣ የጎረቤቱን ወሬና የቡናውን ድምፅ ሁሉ ትልክለታለች። በቅርቡ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። «የአባባን ድምፅ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። አባቴ ለእሱ ጽፎለት አያውቅም፤ በድምፅ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ወንድሜ አንዱንም አላጠፋውም። ሁሉንም ላከልኝ። አንዱ ላይ አባቴ እንዲህ ይለዋል፦ «አይዞህ ልጄ፣ እኔም ፊደሉ እምቢ ብሎኝ ነው መርፌውን የያዝኩት።» ለእኛ ለሌሎቻችን ይህን ነግሮን አያውቅም።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ማንበብ የሚከብደው ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ ላኩለት ብዬ አልለምናችሁም። ቁጭ ብላችሁ አንብቡለት።

አላህ የልጆቻችንን ልብ በጠቃሚ ዕውቀት ይክፈትልን። የሚያስተምሩንን ሰዎች ትዕግሥት ያብዛላቸው። የሞቱብንን ይማርልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።